ከሰጋቱራ መካከል የሚወጣው የልደት ብርሃን



ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በእኛ ዘንድ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ የነቢያት ጾም ተፈትቶ ቤተሰብ በገበታ ዙሪያ በሚሰበሰብበት ዕለት፣ የምዕራባውያኑ ልደት ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው አንድ ቀን ብቻ ቀርቶታል። በአውሮፓ ብዙ ቤቶች የበዓሉ ጌጥ በዚህ ጊዜ ተጠራርጎ ወደ ሣጥኑ ተመልሷል። በምሥራቅ ጀርመን ደቡባዊ ጠረፍ፣ ከቼክ ሪፐብሊክ ጋር በሚዋሰነው ተራራማ አገር ግን መብራቱ አልጠፋም። ከእንጨት ተፈልፍሎ በቅስት ቅርጽ የተሠራ፣ በጀርባው ላይ ሻማ ወይም ሻማ የሚመስል አምፖል የተደረደረበት ጌጥ በየመስኮቱ ቆሞ ያበራል። በጥንቱ ልማድ ጌጡ የሚነሣው ጌታ በተወለደ በአርባኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል ሲደርስ ነው። እነርሱ ይህን በዓል በእነርሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 2 ቀን ሲያከብሩት፣ እኛ የካቲት 8 ቀን ልደተ ስምዖን ብለን እናስበዋለን። እንግዲህ በዚያ አገር የሚኖር የእኛ ምእመን የራሱን ገና ሲያከብር የጎረቤቱ መስኮት አብሮት በርቶ ያመሻል ማለት ነው።

በዛሬው የበዓል ገጻችን ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለዚህ ጌጥ፣ ጌጡ ስለሚቆረጥበት ቀጭን መጋዝ፣ እንዲሁም በዚህ መጋዝ ፍቅር ተይዘው ንድፋቸውን እርስ በርሳቸው ስለሚለዋወጡ ሰዎች ነው። ነገሩ የፈረንጅ መዝናኛ ብቻ መስሎ ለሚታየው አንባቢ፣ እስከ መጨረሻው ቢታገሠን ወደ ራሳችን ደጅ መመለሳችን አይቀርም።

ያ ተራራማ አገር በጀርመንኛ ኤርትስገቢርገ ይባላል፤ የማዕድን ተራሮች ማለት ነው። በፍራይበርግ አካባቢ ብር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1168 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት ሕዝቡ እንጀራውን የበላው ከመሬት ሆድ ውስጥ እየቆፈረ ነው። የክረምቱን ቀን አጭርነት ለማያውቅ የአገራችን ሰው ነገሩን ማስረዳት ያስቸግራል። ማዕድን ቆፋሪው ጎሕ ሳይቀድ በጨለማ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ በጨለማ ቆፍሮ ይውላል፤ ሲወጣም ፀሐይ ጠልቃ ጨለማ ይቀበለዋል። ስለዚህ የቀን ብርሃንን ሳያይ ሳምንታት የሚያልፉበት ጊዜ ነበር። ለዚህ ሰው የልደት ዋዜማ ማለት የመጨረሻው ፈረቃ ቀደም ብሎ የሚያበቃበት፣ ጓደኞቹ ተሰብስበው ስለ ዓመቱ ጥበቃ ፈጣሪን የሚያመሰግኑበትና ማዕድ የሚቆርሱበት ሰዓት ነበር። በጨለማ የሚሄድ ሕዝብ ብርሃን አየ የሚለው የነቢዩ የኢሳይያስ ትንቢት ለእነርሱ በመጽሐፍ የሚነበብ ቃል ብቻ ሳይሆን የየዕለት ኑሯቸው እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የቅስቱ ጌጥም የተወለደው ከዚህ ናፍቆት ነው። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት ሁሉ ጥንታዊው እ.ኤ.አ. በ1740 ዮሐንጌኦርገንሽታት በምትባል የማዕድን ከተማ የተሠራ ሲሆን፣ ከብረት የተቀጠቀጠና 11 ሻማዎች የሚይዝ ነው። ቅርጹ ከየት እንደመጣ ሁለት ዓይነት ወግ አለ። አንዳንዶች ቆፋሪዎች በዋዜማው ፋኖሳቸውን በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ሲሰቅሉ የሚታየውን ቅስት ያስታውሳል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሰማይ ጠፈር ምሳሌ ነው ባዮች ናቸው። እኛ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አላስፈለገንም፤ ከጉድጓድ ሲወጣ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የጉድጓዱ አፍና የሰማዩ ጠፈር አንድ ናቸውና።

ማዕድኑ እየተመናመነ ሲሄድ ሰዉ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ። ለምሳሌ ዛይፈን በተባለችው መንደር የቆርቆሮ ማዕድን ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ1849 ሲቆም ነዋሪው በእንጨት አሻንጉሊትና ጌጣ ጌጥ ሥራ መተዳደሩን አጠናከረ። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ፓውላ ዮርዳን የተባለች ሠዓሊ ሽቫርትሰንበርግ ለተባለች ከተማ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀውን የቅስት ንድፍ አወጣች። በንድፉ ላይ ሁለት ማዕድን ቆፋሪዎች፣ አንድ እንጨት ቀራጭ፣ አንዲት ዳንቴል ሠሪና አንድ መልአክ ይታያሉ። ያን ንድፍና መሰሎቹን በየቤቱ የሚቆርጠው ታዲያ ባለሙያ ብቻ አልነበረም። ቀን በሌላ ሥራ የሚውል አባት፣ አዛውንትና ተማሪ ጭምር ማታ ማታ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀጭን መጋዙን ይዞ ይቀመጥ ነበር።

የመጀመሪያው ቅስት የተሠራባት የዮሐንጌኦርገንሽታት ዕጣ ያሳዝናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሥሯ ዩራኒየም መቆፈር በመጀመሩ መሬቱ ተቦረቦረና ጥንታዊው የከተማዋ ማዕከል በ1950ዎቹ እንዲፈርስ ተደረገ። ሰዎቹ ግን ቅስታቸውን አልረሱም። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያችው ከተማ 25 ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቅስት ተተክሏል። አካባቢው ከነማዕድን ታሪኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ለመሆኑ መጋዙ ምን ይመስላል? ቀላሉ ዓይነት በእጅ የሚያዝ ነው። እንደ ደጋን የታጠፈ የብረት እጀታ ሲኖረው፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ከክር ጥቂት የሚወፍር ጥርሳም ምላጭ ተወጥሮ ይታሰራል። ሁለተኛው ባለ ሞተሩ ነው። ይህን ለማስረዳት በብዙ ቤቶቻችን ከምናውቀው የልብስ ስፌት መኪና የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በሲንጀር መኪና መርፌው ባለበት ቦታ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ ጨርቁን እየዞረ እንዲሄድ የሚያደርገው የሰፊው እጅ ነው። በዚህም መጋዝ እንዲሁ ነው። አሥራ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው ምላጭ በጠረጴዛው ቀዳዳ በኩል በደቂቃ ከ400 እስከ 1,800 ጊዜ ይመላለሳል፤ ጥርሶቹ ወደ ታች የሚመለከቱ በመሆናቸው እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ይጫኑታል፤ ሠራተኛው ደግሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ እንጨቱን እንደ ንድፉ ያዞረዋል። ኤሌክትሪክ ከመስፋፋቱ በፊት በእግር እየተረገጠ የሚሠራውም ነበር። በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ በሮክፎርድ ከተማ የነበረው የባርንስ ወንድማማቾች ፋብሪካ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ እንዲህ ዓይነቱን መኪና እየሠራ ይሸጥ ነበር።

የሥራው ምስጢር ግን በውስጠኛው ቆረጣ ላይ ነው። ከእንጨቱ ዳር ጀምሮ መቁረጥ ማንም ይችለዋል፤ መካከሉን ሳይነኩ ዳሩን፣ ዳሩን ሳይነኩ መካከሉን ማውጣት ነው የሚከብደው። ሠራተኛው በቅድሚያ በሚወጣው ክፍል ላይ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ከዚያም የምላጩን አንድ ጫፍ ከመጋዙ ፈትቶ በቀዳዳው ያሾልከዋል፤ መልሶ ያስረዋል፤ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ቁራጭ ሲወድቅ ምላጩን ፈትቶ ያወጣና ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይሻገራል። አርባ ክፍተት ያለው ጌጥ አርባ ጊዜ መፍታትና አርባ ጊዜ ማሰር ይጠይቃል። በዚህ ላይ ምላጩ በሆነ ባልሆነው ይበጠሳል። ልጅ ይህን ሥራ ሲለምድ በመጀመሪያ የሚማረው እጁን ሳይሆን ንዴቱን መግዛት ነው።

ሌላም ብልሃት አለ። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ሥዕሉን የሚያሳየው የተረፈው እንጨት ብቻ ሳይሆን የወጣው ባዶ ቦታም ነው፤ ብርሃኑ የሚያልፈው በባዶው በኩል ነውና። ይሁን እንጂ የሚቀረው እንጨት ሁሉ እርስ በርሱ መያያዝ አለበት። ከጎረቤቱ ጋር ያልተያያዘ ክፍል ተቆርጦ ይወድቃል። ይህን በራሳችን ፊደል መሞከር ይቻላል። ዐማኑኤል የሚለውን ቃል በሳንቃ ላይ ጽፈን ፊደሎቹን ፈልፍለን ብናወጣ፣ የዐይኑ «ዐ» መካከሉ አብሮ ይወድቅና ፊደል መሆኑ ቀርቶ ክብ ቀዳዳ ብቻ ይሆናል። የ«ማ» ሁለት ዓይኖችም እንደዚሁ ይጠፋሉ። ስለዚህ ንድፍ አውጪው የፊደሉን ውስጥ ከውጭው ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ድልድይ መተው አለበት፤ ድልድዩም የፊደሉን መልክ እንዳያበላሽ ሆኖ መቀመጥ ይኖርበታል። ይህን ማሰብ ከመቁረጡ ይበልጥ ይከብዳል። ጥሩ ንድፍ ውድ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ንድፍ መለዋወጡ ደረስን። በእንግሊዝ አገር፣ በኖርፎክ ግዛት ዲርሃም በምትባል ከተማ፣ ሆቢስ የተባለ ሳምንታዊ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1895 መታተም ጀመረ። የመጽሔቱ ስም የትርፍ ጊዜ ሥራዎች ማለት ሲሆን፣ አንባቢውን ይበልጥ የሚስበው አብሮት የሚመጣው በወረቀት ላይ የተሣለ የመጋዝ ንድፍ ነበር። አንባቢው ንድፉን በሳንቃ ላይ ለጥፎ ይቆርጣል፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ሌላ ይጠብቃል። በአሜሪካም ፓትሪክ ስፒልማንን የመሰሉ ደራስያን በ20ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ለዚሁ መጋዝ ብቻ የሚሆኑ የንድፍ መጻሕፍትን አሳትመዋል።

እኛን ይበልጥ የማረከን ግን በመጻሕፍቱ ዙሪያ የተፈጠረው ልማድ ነው። በዚህ ሥራ ከሚጠመዱት ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። አንዱ የበረት፣ የግርግም፣ የኮከብ ንድፍ ይሥላል፤ ለጓደኛው በነፃ ይሰጣል፤ ጓደኛው ቆርጦ የተሠራውን መልሶ ያሳየዋል፤ የቱ ጋ እንደተሰበረበት፣ የቱ ድልድይ እንደቀጠነበትም ይነግረዋል። ባለ ንድፉ ያንን ሰምቶ ያርማል። ቀጫጭን ሳንቃዎችን አራት አምስት አድርገው ደራርበው በማጣበቅ በአንድ ቆረጣ አራት አምስት ጌጥ ያወጣሉ፤ ትርፉንም ለሆስፒታል ሕሙማን ወይም ለቤተ ክርስቲያናቸው የበዓል ገበያ ይሰጣሉ። ያልተጻፈ ሕግም አላቸው። የሌላ ሰው ንድፍ የቆረጠ የባለ ንድፉን ስም ሳይጠራ አያልፍም፤ በነፃ የተሰጠውንም ንድፍ አዙሮ አይሸጥም። በተግባር ይህን ሕግ የሚጥስ አይጠፋም፤ ሲነቃበት ግን ያፍራል።

ይህን ስንሰማ አሳባችን ወደ አገራችን ተመለሰ። እንጨት ለገና በዓል እንግዳ ያልሆነበት አገር ነው የእኛ። የገና ጨዋታ የደረሰበት ልጅ ጫፉ የጎበጠ ዱላ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ይዞራል፤ ያልጎበጠውን በእሳት እያሞቀ ያጎብጣል፤ ሩሩንም ከእንጨት ሥር ይጠርባል። እየፈለፈሉ ባዶ ቦታን ማናገርም ቢሆን ከእኛ በላይ የሚያውቀው ማን ነው? የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጨምሮ ሳይሆን ከአለቱ ላይ ትርፉ እየተነሣ ነው። በየዓመቱ በልደት ጧት ካህናቱ ቤዛ ኵሉን በሚያሸበሽቡባት በቤተ ማርያም ግድግዳ ላይ በልዩ ልዩ መስቀል ቅርጽ የተፈለፈሉ መስኮቶች አሉ፤ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚገባው የመስቀል ቅርጽ ይዞ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ሲሆኑ የመጀመሪያው የጀርመን ቅስት ሻማዎችም 11 መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

የእንጨት መስቀላችንም የዚሁ ጥበብ ወገን ነው። ቀራጩ በቢላዋና በመሮ ወይራውን ወይም ዋንዛውን እየፈለፈለ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይታወቀውን ጥልፍልፍ ያወጣዋል። እያንዳንዱ ሐረግ በሌላው ላይ ያልፋል፤ ከሌላው ሥር ይገባል፤ ተለይቶ የሚወድቅ አንድም ክፍል የለም። ከላይ የጠቀስነውን የድልድይ ብልሃት አባቶቻችን ባለ ሞተር መጋዝ ሳይታሰብ ጨርሰውታል።

ልዩነቱ ንድፉ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ የሚያሳስበንን ሳንሸሽግ እንናገር። በብራና መጻሕፍት አናት ላይ የሚሣለው ሐረግ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይኖራል፤ ከዘመን ዘመንም ይገለበጣል። የመስቀል ቀራጩ ጥልፍልፍ ግን በአብዛኛው በእጁና በዓይኑ ውስጥ ነው ያለው። ተማሪው አጠገቡ ተቀምጦ እያየ ይለምዳል። ተማሪ ያላገኘ ቀራጭ ሲያርፍ የእጁ ንድፍ አብሮት ይቀበራል፤ ወረቀት ላይ አልሰፈረምና። ጥበቡን ለልጁ ብቻ ማቆየት የፈለገ ባለሙያ ይወቀስ አንልም፤ እንጀራው ነው። ነገር ግን በየቤታችን በሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የአያት የአንገት መስቀል፣ የቅድመ አያት የእንጨት ሙዳይ፣ የአትሮንሱ ጎን የተፈለፈለው ጌጥ ማንም ሳይገለብጠው ሊጠፋ የሚገባው አይመስለንም። ለመገልበጡ የሚያስፈልገው ስስ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። ወረቀቱን በጌጡ ላይ አንጥፎ እርሳሱን በጎኑ ቀስ አድርጎ ቢያሹት ጉብታው ጠቁሮ፣ ጎድጓዳው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከሥሩ የባለቤቱን ስም፣ የተገኘበትን አገርና ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ ነው። ይህን ለማድረግ የበዓል ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ከልጅ ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳንጠቁም ማለፍ አንወድም። የእጅ መስቀል የካህናት ነው። ለመለማመጃ ብሎ የካህን መስቀል ቆርጦ በየቦታው ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ለቤት የሚሰቀል መስቀል የሠራም ቢሆን ለንስሐ አባቱ አሳይቶ ማስባረክ ይገባዋል። ለጀማሪ የሚስማማው ኮከብ፣ ግርግም፣ በጎችና እረኞች፣ ሰብአ ሰገል ናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን የተለመደው ሥዕል እንጂ ሐውልት ስላልሆነ፣ ይህ ጠፍጣፋ ሥራ ለእኛ ቤት ከተቀረጹት የልደት ምስሎች ይልቅ ይቀርባል ብለን እናስባለን።

እኛም በተማሪነት ዘመናችን ይህን መጋዝ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ይዘነው ነበር። የተሰጠን ሥራ ስድስት ጫፍ ያለው ኮከብ ሲሆን፣ በመካከሉ ትንሽ ክፍተት መውጣት ነበረበት። ለመጨረስ ስንቸኩል አንዱን ጫፍ ገነጠልነው፤ በኮላ ብንጠግነውም ጠባሳው አልጠፋም። እናታችን ያንን ጎዶሎ ኮከብ ከቅዱሳን ሥዕላት በታች ሰቅላው ለብዙ ዓመታት ኖረ። ገና በመጣ ቁጥር የተሰበረው ጫፍ ወደ ግድግዳው በኩል እንዲሆን እናዞረዋለን፤ እርሷ ደግሞ መልሳ ታዞረዋለች።

ዘንድሮ መሞከር ለሚፈልግ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላይውድ ቁራጭ ከአናጢ ቤት ይገኛል፤ ትልቅ እንጨት ማስቆረጥ አያስፈልግም። ንድፉን በወረቀት ሥሎ በትንሽ ኮላ መለጠፍ፣ የሚወጡትን ክፍሎች በእርሳስ አጥቁሮ መለየት፣ ቀዳዳዎቹን መብሳት ነው። ሁልጊዜ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር መሄድ ይሻላል። ዳሩ አስቀድሞ ከተቆረጠ እንጨቱ መያዣ ያጣና ቀጭኑ ክፍል በእጅ ውስጥ ይሰበራል። መጋዙን መግፋት አያስፈልግም፤ ምላጩ የሚበጠሰው በአብዛኛው ሲጫኑት ነው። ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ሰጋቱራው ስስ ስለሆነ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን፣ ቢቻል ደጅ ወጥቶ መሥራት ይበጃል፤ ሕፃናትም አዋቂ ሳይኖር ምላጭና መሰርሰሪያ ባይነኩ መልካም ነው። ሻማን በተመለከተ የጀርመኖቹን የጥንት ልማድ አትከተሉ፤ ከደረቅ ሳንቃ ጋር እሳት አይቀራረብም። ትንሽ አምፖል ወይም የእጅ ባትሪ ከበስተ ኋላ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሥራው ሲያልቅ የሳሎኑን መብራት አጥፉና ኮከቡን ከግድግዳው ፊት ለፊት አቁማችሁ ባትሪውን ከኋላው አብሩ። በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከእንጨቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ ባትሪውን ስታቀርቡት ኮከቡ እስከ ጣሪያው ድረስ ያድጋል። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ ባትሪውን ከእጃቸው ማስጣል እንደሚቸግራችሁ ከወዲሁ እናስታውቃለን።